ኦቦ የከፈሉት ግብር

ሰበታ ዙሪያ ከገበሬ ቦታ የገዛ ሰው ሁሉ አንድ ፌስታል አለው። በእኔ ፌስታል ውስጥ በእጅ የተጻፈ የሽያጭ ውል፣ የሦስት ሽማግሌዎች የጣት አሻራ፣ እና በየዓመቱ የተጠራቀሙ የግብር ደረሰኞች ነበሩ። ቤቴ እሳት ቢነሳበት ከልብሴ በፊት እሱን ይዤ የምሮጥ ሰው ነበርኩ።

ቦታውን የገዛሁት የአዲስ አበባ ቤት ኪራይ አንገቴ ላይ ሲደርስ ነው። ከዓለም ገና ወዲያ ነው። የሸጡልኝን ገበሬ ሰፈሩ ሁሉ «ኦቦ» ብቻ ይላቸው ስለነበር እኔም እንደዚያው እላቸዋለሁ። የእርሻ መሬት በሕግ አይሸጥም፤ ስለዚህ መዝገቡ ላይ ባለይዞታው እሳቸው ሆነው ቀሩ። ይህ የእኔ ብቻ ጉድ አይደለም፤ ቡራዩም ሱሉልታም እንዲሁ ነው። ገዢው ቤት ይሠራል፣ ግብሩን በሻጩ ስም ይከፍላል፣ ደረሰኙን ያስቀምጣል። ቀድመውኝ የገቡት ጎረቤቶቼ በሙሉ የሰጡኝ ምክር አንድ ነበር፦ «ደረሰኝ እንዳታቋርጪ።» አንድ ቀን መንግሥት ሕጋዊ ሲያደርገን፣ ያላቋረጠ ሰው ቤቱ በስሙ ይሆንለታል ይባል ነበር። እኔም አመንኩ። ክፉኛ አመንኩ።

በየዓመቱ ጥር ላይ ከኦቦ ጋር በባጃጅ ወደ ግብር ቢሮ እንሄዳለን። ደረሰኙ የሚጻፈው በቁቤ፣ በኦሮምኛው የላቲን ፊደል ነው፤ እሳቸው ማንበብ አይችሉም፣ እኔ ደግሞ ኦሮምኛዬ ገና ሰላምታ ላይ ነበር። እየቆየሁ ለመድኩት። «መቃ» ማለት ስም ነው፤ ቀጥሎ የመሬቱ ስፋት፣ ቀጥሎ የአፈሩ ደረጃ፣ መጨረሻ ላይ ግብሩ። የእኔ ቦታ ለብቻው አልተጻፈም። ከወንዙ ዳር ካለው የጤፍ ማሳቸው ጋር ተደርቦ በአንድ መስመር፣ በአንድ ስም ሰፍሯል።

ኦቦ ቦታውን በገዛሁ በሦስተኛው ክረምት ሞቱ። ቀብራቸው ላይ ከልቤ አልቅሻለሁ። ግን ልዋሽ አልፈልግም፤ አፈሩ ሲመለስ እኔ የማስበው ስለ ጥር ነበር። መሞታቸውን ቢሮው ካወቀ መዝገቡ ወደ ወራሽ ይዞራል፤ ወራሽ ደግሞ ውሌን አላውቀውም ቢል ማን ይከለክለዋል? ባለቤታቸውን ሄጄ ማነጋገር ነበረብኝ። ፈራሁና ቀረሁ።

ጥር ሲደርስ ብቻዬን ሄድኩ። ገንዘብ ተቀባይዋ በመስኮቷ አሻግራ አየችኝ።

«አካም ጅርታ? ኦቦን ዛሬ የት ጣልሻቸው?»

«እግራቸውን አሟቸው ነው» አልኩ።

«ውይ! በጣም ሰላም በይልኝ።» ማህተሙን መታችልኝ፤ አለቀ።

ውሸት እንዲህ ቀላል መሆን አልነበረበትም። በሁለተኛው ዓመት እግራቸው አልተሻለውም። በሦስተኛው ጠበል ወሰድኳቸው። በአራተኛው ዓይናቸው ደከመ። ከዚያም ወዲያ በየዓመቱ አንድ ነገር አሳምማቸው ነበር። ሴትዮዋ የምሯን ታዝን ነበር፤ አንድ ጊዜ እንዲያውም አራት ብርቱካን በወረቀት ጠቅልላ «ውሰጂላቸው» አለችኝ። ባጃጁ ውስጥ ብርቱካኖቹን ታቅፌ ተመለስኩ። መብላቱም መጣሉም አቃተኝ። ኦቦ በሕይወት ሳሉ አጥሬ ሥር የሚያርፉበት ድንጋይ አለ፤ እዚያ ላይ አስቀመጥኳቸው። በማግስቱ የሉም። ከብት በልቷቸው ይሆናል፤ መንገደኛም አንስቷቸው ይሆናል። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ በድንጋዩ በኩል ሳልፍ «ሰላም ብላዎታለች» ሳልል ማለፍ አልቻልኩም። ረስቼ ካለፍኩ ቀኑን ሙሉ ጀርባዬን ይበርደኛል። የምሠራበት ቢሮ ውስጥ ሰው ሲያሟርት የምስቅ፣ የተማርኩ ነኝ ባይ ሴት!

አንዳንድ ጠዋት በር ስከፍት የታመመ ሰው ቤት የሚሸተውን ሽታ እሸት ነበር። ማን እንደታመመ አውቃለሁ። ያሳመምኳቸው እኔ ነኝ።

ባለፈው ዓመት ከከተማው ለኪዎች መጡ። ሰፈሩ ወደ ከተማ ስለገባ ቤት ሁሉ ይገመታል ተባለ። ሜትር ዘርግተው ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ሦስት ክፍል፣ ሽንት ቤት በውጭ እያሉ መዘገቡ። ከሳምንታት በኋላ የግምቱ ወረቀት ደረሰኝ። መስኮቱ ሳይቀር ልክ ነበር። የባለይዞታ ስም በሚለው ላይ ግን የኦቦ ስም ሰፍሯል። ወረቀቱን ይዤ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ከደሞዜ እየቆረጥኩ አንድ በአንድ ያስደረደርኩት ብሎኬት የሳቸው ነው። ደረሰኞቼ ለእኔ መስክረው አያውቁም፤ በየዓመቱ ገንዘቤን እየከፈልኩ ቤቱ የሳቸው ለመሆኑ ማስረጃ ሳስጽፍ ኖሬአለሁ። ከግርጌው ደግሞ «ቅሬታ ያለው ባለይዞታ በአካል ይቅረብ» ይላል። በአካል!

ታመዋል ብዬ በእሳቸው ፈንታ ልከራከር ፌስታሌን ይዤ ሄድኩ። በዚያ ሁሉ ዓመት የማውቀው የታችኛውን መስኮት ብቻ ነበር፤ መዝገብ ቤቱ ፎቅ ላይ መሆኑን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ስገባ አንዲት አሮጊት ጠረጴዛው ፊት ቆመዋል። የኦቦ ባለቤት ናቸው። ተፍኪ ከተማ ልጃቸው ዘንድ ገብተዋል ሲባል ሰምቼ ነበር እንጂ ከተለያየን ዓመታት አልፈዋል። ከኋላቸው መሆኔን አላዩም።

«እማማ» ይላል መዝገብ ያዡ፣ ረጋ ብሎ፣ «መዝገቡ ላይ በሕይወት አሉ። ዘንድሮም ግብር ከፍለዋል። የሞተ ሰው ግብር አይከፍልም።»

«ዱኤራ! ሞቷል እኮ! እኔ ነኝ የቀበርኩት!»

«ምስክሮችዎን ሰምተናል። ምስክር ግን መዝገብ አይሽርም። የወንዙ ዳር ማሳ ለመንገድ ሲወሰድ ለካሳው የሚፈርሙት እሳቸው ናቸው። ይዘዋቸው ይምጡ።»

«ከየት ላምጣው?» አሉ።

ይህን ጥያቄ ሲጠይቁ የመጀመሪያቸው አልነበረም፤ ከድምፃቸው ድካም ይታወቃል። የቀራቸው ያ ማሳ ብቻ ነው። እኔ ምን አደረግኩ? ደረጃውን ወረድኩ። ቀስ ብዬ፣ ጫማዬ እንዳይሰማ እየተጠነቀቅኩ ወረድኩ። መናገር ማለት ደረሰኞቼን በሙሉ የውሸት ማድረግ ነው፤ ቤቴን ማጣት ማለት ነው። ወደ መውጫው በር ሳመራ በመስኮቷ በኩል ያቺ ደግ ሴት ጠራችኝ።

«አንቺ! ኦቦ እንዴት ሆኑ?»

አፌ ለውሸቱ ተከፍቶ ነበር። ለዚያ ቀን ምን እንደሚያማቸው አስቀድሜ አስቤ ነበር የመጣሁት፤ ወገባቸው ነበር። አልወጣልኝም።

«ሞተዋል» አልኩ።

«ውይ፣ ውይ! መቼ?»

«ሰባት ዓመታቸው።»

ወደ ፎቁ ተመልሼ ወጣሁ፤ ፌስታሉን መዝገብ ያዡ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኩት። መዝገብ ያዡ ደረሰኞቹን በዓመት በዓመት ደረደራቸው፣ እኔን አየኝ፣ አሮጊቷን አየ፣ ከዚያ አለቃውን ጠራ። ብዙ ተጠየቅኩ፤ ፈረምኩ። በቀይ እስክሪብቶ በኦቦ ስም ላይ መስመር ሲሰመር አሮጊቷ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እንደ አዲስ መርዶ አለቀሱ። ማሳው ወደ እሳቸው ስም እንዲዞር ተጻፈ። ቤቴ ከማሳው ተነጥሎ በሌላ ገጽ ሰፈረ፤ በስም ቦታው ላይ «ያልታወቀ» ተባለ። ያፍርሱት ይተዉት እስከዛሬ የነገረኝ የለም።

ከአሮጊቷ ጋር እስከ ታክሲው ድረስ አብረን ሄድን። እርግማን እየጠበቅሁ ነበር። ቢረግሙኝ ይቀለኝ ነበር።

«ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሰበሰቡ። «መጀመሪያ ዓመት ላይ፣ በሕይወት አለ፣ ግብር ከፍሏል ሲሉኝ፣ የተማሩ ሰዎች ናቸው፣ ያውቃሉ አልኩ። ቤት ገብቼ ልብሱን አጠብኩለት። በሩን ገርበብ አድርጌ ጠበቅሁት።»

«ያን ቀን?»

«እስከ ፋሲካ» አሉ። «ከዚያ ልጄ መጥታ ወሰደችኝ።»