ጋቢ የለበሰው ፍሪጅ

ከባሕር ዳር እስከ ጎርጎራ ስለ ቅዝቃዜ እንደ እኔ የሚያውቅ ሰው የለም። አሮጌ ሚኒባስ ገዝቼ፣ ወንበሮቿን ነቅዬ፣ አልጋና ፍሪጅ አስገብቼ በጎማ የምትሄድ ቤት አደረግኋት። ጎርጎራ ላሉት አማቴ፣ በዚህ ፍሪጅ ጣናን ራሱን ማርጋት እችላለሁ ብዬ ደወልሁላቸው። "ለቅበላ በግ እንዳይገዙ፤ ሥጋው ከእኔ ነው" አልኋቸው። አመኑኝ። የመጀመሪያው ስሕተት እንግዲህ የእሳቸው ነው።

ሐሙስ ከቅርጫ የደረሰኝን ሥጋ ከተትሁበት። ዓርብ ሥጋው ማላብ ጀመረ። አንድ ፍሪጅ ጠጋኝ ዘንድ ነዳሁ፤ የዕውቀቱ ማስረጃ አንዲት የዛገች ፒንሳ ናት። ጎንበስ ብሎ አየና፣ "ጋሼ፣ ታፍኖ ነው። ፍሪጅ ሙቀቱን የሚተፋው በጀርባው ነው፤ ይኸን ጋቢ ያንሡለት" አለኝ።

ብርዱ እንዳያመልጥ ብዬ ከላይ እስከ ታች በጋቢ ጠቅልዬው ነበር።

"ጋቢውን ካነሣሁማ ብርዱ ወጥቶ ይሄዳል" አልሁት።

"የት ይሄዳል ጋሼ? መሸንቲ?"

ንቄው ወጣሁ። ሳሎናቸው ያለውን ፍሪጅ ዳንቴል በሚያለብሱ ሰዎች ስስቅ የኖርሁ ሰው፣ ፒንሳ ሊመክረኝ? መቆጣጠሪያውን እስከ ጥጉ አዞርሁና፣ ለጥንቃቄ ሌላ ጋቢ ደረብሁበት።

እሑድ እኩለ ቀን ጎርጎራ ስደርስ አማቴ ሽንኩርቱን አቁላልተው ይጠብቁኛል። ፍሪጁን ስከፍተው በየደሴቱ ያሉ መነኮሳት ሳይቀሩ አፍንጫቸውን የያዙ መሰለኝ። አማቴ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው፣ እጃቸውን ወደ ጋቢው ሰደድ አድርገው ቶሎ መለሱት።

"ይኸ እኮ እሳት ነው። ትኩሳት ለያዘው ልብሱን ያወልቁለታል እንጂ ጋቢ ይደርቡለታል ልጄ?"

"ብርዱ እንዳይወጣ ብዬ ነው እማማ።"

"መቼ ገብቶ?"

ሥጋው ለውሾች ተጣለ፤ እነሱም ዞረው ዞረው ካሸተቱት በኋላ ትተውት ሄዱ። ሽንኩርቱ ላይ ሽሮ ተነሰነሰበት። አገሩ ሁሉ ቅበላውን ሲበላ፣ እኛ ቤት ሁዳዴ በአንድ ቀን ቀድሞ ገባ። አማቴ ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፤ የጎረቤቱን የጥብስ ሽታ እየሰሙ ሽሯቸውን በሉ።

ሥራዬ ፊዚክስ ማስተማር ነው፤ ሃያ ዓመት ሆነኝ። ሙቀት ከየት ወደ የት እንደሚሄድ በየዓመቱ እፈትናለሁ፤ ያንን ጥያቄ የሚስተውን ተማሪ ደግሞ ክፍሉ ፊት አቁሜ እስቅበታለሁ።