ኮዱ ተልኳል

የመታወቂያ ቁጥር ማረጋገጫው ፕሮግራም ወደ እኛ መስኮት የመጣ ሰሞን አለቃዬ «ከእንግዲህ ሥራህ ቀለለ» አለኝ። እኔ ግን ጎንደር ላይ የጤና መድን ሳድስ ስኖር አንድ ነገር ተምሬአለሁ፤ ሥራ ቀለለ በተባለ ቁጥር ስድቡ ለእኔ ይተርፋል። ቀድሞ «ማኅተም ያዡ የለም» እንል ነበር፤ አሁን «ሲስተም የለም» እንላለን። ሰልፈኛው ያው ፀሐይ ላይ ነው።

አሠራሩ እንኳ ቀላል ነው። የብሔራዊ መታወቂያውን ረጅም ቁጥር አስገባለሁ። ፕሮግራሙ ቁጥሩ ትክክል መሆኑን ያጣራና ሰውየው ሲመዘገብ ባስያዘው ስልክ ኮድ ይልካል፤ «ኮዱ ተልኳል» የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ ይወጣል። ባለጉዳዩ ኮዱን ያነብልኛል፣ እጽፋለሁ፣ አለቀ። ችግሩ፣ ደጋው አገር ስልክ የሰው አይደለም፣ የቤት ነው። ቤተሰቡ ሁሉ በአንዱ ልጅ ስልክ ይመዘገባል፤ ልጁ ደግሞ ስልኩን ይዞ እንጀራ ፍለጋ ይሄዳል።

አንዲት እናትም በልጃቸው ስልክ ነበር የተመዘገቡት። የሚመጡት ከዳባት በላይ ካለ መንደር ነው። ስኳር አለባቸው፤ መድኑ ካልታደሰ መድኃኒት አያገኙም። ልጃቸው ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሳንጃ ወርዶ ደብዛው ጠፍቷል። መጀመሪያ የመጡ ቀን ቁጥራቸውን አስገብቼ ኮዱ ተልኳል ስላቸው፣ «ለማን?» አሉኝ።

«ላስመዘገቡት ስልክ ነዋ።»

«ለልጄ?» የመስኮቱን ብረት በሁለት እጃቸው ያዙ። «ደረሰው?»

«ተልኳል ነው የሚለው፣ እናቴ።»

አግዳሚው ላይ ተቀምጠው መሥሪያ ቤቱ እስኪዘጋ ጠበቁ።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ ደህና በሆነ ቁጥር ይመጣሉ። ምዝገባ ጣቢያ ሄደው የስልክ ቁጥሩን እንዲያስቀይሩ መከርኋቸው። «ምነው ልጄ፣ ደጁን ልዝጋበት?» አሉኝ። ማሽኑ መላኩን እንጂ መድረሱን እንደማያሳይም ነገርኋቸው፤ ጽሑፉ ሲወጣ ፊታቸው የሚፈካው ነገር እያስፈራኝ ነበር። «እኛስ ከጋራ ጋራ ስንጣራ መድረሱን ማን ያሳየናል?» አሉኝ። የሥራ ባልደረባዬ «ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ፤ ተዋቸው» አለ። እሳቸውም የመድኑን ነገር ጭራሽ ማንሳት ተዉ። «እስቲ ላክለት» ብቻ ነው። እልካለሁ፤ «ተመስገን» ብለው ይሄዳሉ። በየጊዜው እየከሱ ነበር።

በእኛ አገር ሰው ለእናቱ የሚሞተው መርዶው ሲነገር ነው። ሽማግሌዎች ይመካከሩና ጎህ ሳይቀድ በር ያንኳኳሉ፤ የነፍስ አባት አብሮ ይመጣል፤ ጎረቤት ራሷን እንዳትጎዳ ሊይዛት ተዘጋጅቶ ይቆማል። የእሳቸውን በር ያንኳኳ የለም። ስለዚህ ጥቁር አልለበሱም፣ ተዝካር አላወጡም። መንደሩ የሚያንሾካሹከው ጆሯቸው ሳይገባ ቀርቶ አይመስለኝም። ብቻ ያንን መስኮት እየጠላሁት መጣሁ።

በሁዳዴ ጾም አንድ ረፋድ እንደ ልማዳቸው መጡ፤ ላክሁ። ብዙም ሳይቆይ የቢሮው ስልክ ጮኸ፤ ቁጥራችን ከኮዱ ሥር ተጽፎ ነው የሚሄደው። «ይህን ኮድ ደጋግሞ የሚልክብኝ ማነው?» አለ አንድ የወጣት ወንድ ድምፅ። ስልካችን አሮጌ ስለሆነ የሚያወራው ሁሉ እስከ ውጭ ይሰማል።

እናቲቱ እጃቸውን በመስኮቱ ቀዳዳ አስገቡ። «ስጠኝ» አሉ። ምን ብዬ እከለክላለሁ? ሰጠኋቸው።

«አለሁ በለኝ፣ ልጄ።»

ሰውየው ክፉ አልነበረም። ሲም ካርዱን በቅርቡ ከሱቅ እንደገዛው፣ ቁጥሩ ባለቤቱ ሳይጠቀምበት ብዙ ስለቆየ ተመልሶ ለሽያጭ የወጣ ሊሆን እንደሚችል ቀስ ብሎ አስረዳቸው። «ኮዱን ላንብብልዎ?» ሲልም ሰማሁ።

«ስልኩ ጠፍቶበት ይሆናል እኮ፣ እናቴ» አልሁ። ያልሁትን እኔም አላመንሁትም።

ስልኩ ጆሯቸው ላይ እንዳለ ነጠላቸውን በአንድ እጃቸው ፈቱ። ጥለቱን ወደ አንገታቸው አዙረው፣ ኀዘንተኛ እንደሚለብሰው አዘቀዘቁት። ሰልፈኛው ገባው። ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ አንዲት የማያውቋቸው ሴት ቀርባ በብብታቸው ደገፈቻቸው። ሽማግሌ የለ፣ የነፍስ አባት የለ፣ በጠራራ ቀን የመድን መስኮት ላይ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም፤ በማን እንዳፈርሁ ግን ዛሬም አላውቀውም።

«ይሁን፣ የኔ ልጅ» አሉት ሰውየውን። «የት እንደተቀበረስ የሸጡልህ ሰዎች ነግረውሃል?»



«እኔ እናቴ» አለ ሰውየው፣ «ቁጥሩን ብቻ ነው የገዛሁት።»