ያልተበላሸ ማይክ ስጠግን ዋልኩ

ዛሬ አሶሳ አጠገብ ባለ አንድ መንደር፣ ዜማቸውን ልቀዳ ሄጄ፣ ሽማግሌዎች ጡሩንባ ሲነፉ ሦስት ጊዜ አስቁሜአቸዋለሁ። ጥፋቱ የማይኩ መስሎኝ ነበር።

የአካባቢው ሰዎች፣ በርታዎች፣ የቅል ጡሩንባ የሚነፉት ክብ ሠርተው እየዞሩ ነው፤ ገመድ እግር ሥር ይጠላለፋል። ስለዚህ ገመድ አልባዋን ማይክ የመሪው የሼህ ሐሚድ ጡሩንባ ጫፍ ላይ አሰርኩ፤ የሩቅ ጫጫታ እንዳይገባም ድምፅ የመቀበል መጠኗን ዝቅ አደረግኩ።

ሄድፎን ሳደርግ "ቡው" ይልና ዝም። ደግሞ "ቡው"፣ ዝም። ሲግናል እየቆረጠ ነው ብዬ ባትሪ ቀየርኩ፣ ቻናል ቀየርኩ። (በጥፊም መትቻታለሁ። ባለሙያ ነኝ ባይ!)

በሦስተኛው ሼህ ሐሚድ ደከሙ። "ልጄ፣ ትንፋሽ የቀረኝ ለአንድ ጊዜ ነው። እስቲ እኔ ልስማ" አሉኝ።

የቀዳሁትን በሄድፎን አሰማኋቸው። ሳቁ።

"ወላሂ አልተበላሸም። ይሄ እኔ ነኝ። እኔ አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለኝ፤ ሌላው እነሱ ጋ ነው።"

ለካ እያንዳንዱ ጡሩንባ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ዜማ የሚሆነው ሁሉም ተራቸውን ጠብቀው ሲነፉ ነው!

ሄድፎኑን ግን ቶሎ አልመለሱልኝም። ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲነፉ ኖረው የራሳቸውን ድምፅ ለይተው ሰምተው አያውቁም።

"ብቻዬን እንዲህ ነኝ እንዴ?" አሉ ቀስ ብለው።

ከዚያ ማይኩን ፈትተው እኔ ኮሌታ ላይ ሰኩት። "አንተ መሃል ቁም።"

መጠኑን ከፍ አድርጌ ቆምኩ። እየዞሩኝ ነፉ፤ ዜማው ሙሉውን ገባ። ቅጂው ላይ የሚረብሽ ነገር ቢኖር የእኔ ትንፋሽ ብቻ ነው።

እናንተስ፣ ሳይበላሽ ስትጠግኑት የዋላችሁት ነገር አለ?