«መድረስ» በሚል ቃል የተጣላንበት ክረምት

የፕሮጀክታችን አስተባባሪ ከአዲስ አበባ ቦንጋ በገቡበት ዕለት መጀመሪያ የጠየቁት መኪናቸውን የሚያጥብ ሰው ነበር። በር ላይ ያገኙት እኔን ነው። የእንሰትና የቡና ባለሙያ መሆኔን ስነግራቸው «ጥሩ፣ ጥሩ» ብለው ቁልፉን ዘረጉልኝ። አልተቀበልኳቸውም። የናቅኳቸው ግን በዚያ አይደለም፤ የሺሺንዳን መንገድ በክረምት ለሚያውቅ ሰው የመኪና ጭቃ ትንሽ ነገር አይደለም። የናቅኳቸው በኋላ፣ በአንድ ቃል የተነሳ ነው።

ሥራችን ይኸውላችሁ። በካፋ ስለ ቡና፣ ስለ እንሰትና ስለ በግ ብዙ መረጃ ተሰብስቧል። ችግሩ ሁሉም በየራሱ አነጋገር መጻፉ ነው። አንዱ «ቁመት» ያለውን ሌላው «ርዝመት» ይለዋል፤ አንዳንዴ ደግሞ ሁለቱ በአንድ ቃል ሁለት የተለያየ ነገር ያወራሉ። ሰው ቢሆን ከአነጋገሩ ይረዳል፤ ኮምፒውተር ግን የተጻፈውን ብቻ ነው የሚያየው። ስለዚህ ኦንቶሎጂ የሚባለውን እንድንሠራ ተቀጠርን። ለእያንዳንዱ ባሕርይ አንድ ስምና አንድ ፍቺ ይሰጠዋል፤ የየትኛው አካል ባሕርይ እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚለካና ከየትኛው ሰፊ ሐሳብ ሥር እንደሚገባ ይወሰናል። ያኔ የቡናን ነገር ከበግ ነገር ጋር ማነጻጸር በሚቻልበት ቦታ ታነጻጽራለህ፤ በማይቻልበት ደግሞ አርፈህ ትቀመጣለህ። አርፎ መቀመጥ ግን አስተባባሪያችን የሚችሉት ነገር አልነበረም።

እኔ እንሰቱንና ቡናውን ያዝኩ። በጉን የያዙት ከዋጫ የመጡ፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ባለሙያ ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እወዳቸው ነበር። ከቢሮ ስንወጣ አንድ ባጃጅ ውስጥ ተጣብበን፣ ዝናቡ በሸራው ጎን እየገባ፣ ስለ ቃላት ስንከራከር ቤቴ እንደርሳለን። «ደረሰ» የሚለውን ቃል ያነሱትም እሳቸው ናቸው።

«አየሽ፣» አሉኝ አንድ ቀን፣ «እኔ በጓ ደረሰች ስል አንዳንዴ ለአውራ ማለቴ ነው፣ አንዳንዴ ለሥጋ ማለቴ ነው። ያንቺ ቡና ለምንድን ነው የሚደርሰው?»

«ፍሬው ሲቀላ ደረሰ እንላለን። ችግኙ አድጎ ለመጀመሪያ ጊዜ ፍሬ ሲይዝም ደረሰ እንላለን።»

«እንሰቱስ?»

«ተፍቆ ቆጮ ሊሆን ሲችል።»

ሹፌሩ ሳይቀር ሳቀ። ጋሼ ግን ከልባቸው ነበር። «እንግዲህ ይህ አንድ ቃል አይደለም፤ ተለያይቶ መጻፍ አለበት» አሉ። እኔም በማግስቱ ይህንኑ ለአስተባባሪው ነገርኳቸው። ስልካቸውን እያዩ «ዝርዝር ውስጥ አትግቢ፤ ዋናው ሲምፕል መሆኑ ነው» አሉኝ።

ሲምፕል አደረጉት። ከየወረዳው የግብርና ባለሙያዎች በተጠሩበት ስብሰባ ላይ፣ በትልቁ ስክሪን አንድ ሥዕል አወጡ። «መድረሻ ጊዜ» በሚል ርዕስ ሥር ቡና፣ በግና እንሰት ተደርድረዋል። የቡናው ከአበባ እስከ ቀይ ፍሬ ያለው ጊዜ ነው፤ የበጉ ከልደት እስከ መጀመሪያ ወሊድ ነው፤ የእንሰቱ ከተተከለበት እስከሚፋቅበት ነው። ሦስቱን እንደ ሦስት ሯጮች አንድ መስመር ላይ አቁመው፣ ቡና አንደኛ መውጣቱን በሙሉ ክብር አበሰሩን።

በዚህ ቢያበቃ ስቄ ቤቴ እገባ ነበር። እሳቸው ግን ክራቫታቸውን አስተካክለው «ስለዚህ እንሰት ዘግይቶ የሚደርስ በመሆኑ አርሶ አደሩ ቀስ በቀስ መሬቱን ወደ ቡናና ወደ በግ ቢያዞር አዋጭ ነው፤ ይህ ምክረ ሐሳብ ለየወረዳው ይላካል» አሉ። በእንሰት የሚኖር ሕዝብ መሀል ቆመው ነው ይህን የሚሉት። ከፊቴ የተቀመጡት በየቤታቸው ጓሮ እንሰት ያላቸው ሰዎች ደግሞ በማስታወሻቸው ላይ ይጽፉ ነበር። ይሄኔ እጄን አነሳሁ።

«ዶክተር፣ ሦስቱ የደረሱት ለአንድ ነገር አይደለም። ቡናው ለለቀማ ነው የደረሰው፣ በጓ ለመውለድ። እንዴት ይወዳደራሉ?»

«ጥሩ አስተያየት ነው። በሻይ ሰዓት እናየዋለን።»

«ጋሼም ይህንኑ ያውቃሉ። ጋሼ፣ እባክዎ ያስረዱ።»

ጋሼ ተነሱ። የጃኬታቸውን ቁልፍ ቆለፉ፣ መልሰው ፈቱት። «እ… ዶክተር እንዳሉት ነው። ትንታኔው ሰፋ ያለ ስለሆነ፣ እንደዚህ ያለ ጥቃቅን ነገር…» ብለው ተቀመጡ። በዚያ ሰሞን ለውጭ አገር ሥልጠና ሰው እየተመረጠ መሆኑን አዳራሹ ውስጥ የማያውቅ የለም። አስተባባሪውን ባለማወቃቸው ንቄያቸው ነበር፤ እያወቁ የተቀመጡትን ሰው በምን ቃል እንደምጠራ ግን ዛሬም አላገኘሁም።

በማግስቱ አስተባባሪው ቢሮ ገባሁ። «አንቺ ሰው ፊት ማሳጣት ትችያለሽ» አሉኝ ቀና ሳይሉ።

«ምክረ ሐሳቡ ከመላኩ በፊት የእንሰቱ ይውጣ።»

«ዳታው የፕሮጀክቱ ነው። ደግሞስ መድረስ መድረስ ነው። ምንድን ነው ይሄ ሁሉ?»

«ዶክተር፣ ልጆች አሉዎት?»

«ሁለት ሴቶች። ምን አገናኘው?»

«ደርሰዋል?»

ፊታቸው ፈካ አለ። «ትልቋማ ደርሳለች። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገባች። ምን የመሰለች ልጅ!»

«እንግዲያው ከቡናውና ከበጉ ጎን ልመዝግባት?»

እንደ እሳት ቀሉ። «ውጪልኝ!» አሉ። ወጣሁ። ፈርቼም ነበር፤ ደስም ብሎኝ ነበር፤ ሁለቱም እውነት ነው።

ከዚያ በኋላ የመስክ መኪና ለእኔ አልተገኘም። ሺሺንዳ ስሄድ በሚኒባስ፣ ከቡና ነጋዴዎች ጆንያ ላይ እግሬን ሰቅዬ ነበር የምሄደው። ምክረ ሐሳቡ ግን አልተላከም። ለምን እንዳልተላከ የገባኝ አንድ ከሰዓት አስጠርተውኝ፣ ሐሳቡ ያኔ የመጣላቸው አስመስለው «ይሄን መድረስ የሚለውን ቃል ከፋፍለሽ ብትሠሪው ምን ይመስልሻል?» ሲሉኝ ነው። አዲስ አበባ አለቆቻቸው ፊት ሊያቀርቡ ነበር። እዚያ አንድ ሰው እንደ እኔ ቢጠይቃቸውስ?

ሠራሁት። «ለመራባት መድረስ» የሚለውን አንድ ሰፊ ሐሳብ አደረግሁ፤ የቡና የመጀመሪያ አበባ፣ የእንሰት አበባና የበግ ለአውራ መድረስ ከሥሩ ገቡ። «ለምርት መድረስ» ሌላ ሆነ፤ የቀላው ፍሬ፣ የሚፋቀው እንሰትና ለሥጋ የደረሰው በግ ከዚያ ሥር። እያንዳንዱ ጊዜው ከየት ተነስቶ እንደሚቆጠር ተጻፈለት። እንሰትን «ዘገየ» ማለት ቀረ፤ ከማን አንጻር ዘገየ ይባላል?

አዲስ አበባ አስተባባሪው ጋሼን ይዘው ሄዱ። ጋሼ ሲመለሱ የፕሮጀክቱ ዓርማ ያለበት ቦርሳ አምጥተውልኝ፣ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመው አወሩኝ። «በጣም ተጨበጨበላቸው። የልጅ ምሳሌ ሰጡ፤ ልጄ ደረሰች ስልና ቡናው ደረሰ ስል አንድ ነው ወይ አሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።»

«ማን ሠራው አሉ?»

ጋሼ ቦርሳውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «ቲሙ ነው አሉ» አሉኝ። ሥልጠናውን ግን ሌላ ሰው እንዳገኘው እሳቸው ሳይነግሩኝ ሰምቻለሁ።

ቦርሳውን ቅዳሜ ገበያ ሽንኩርት ይዤበት ወጣሁ። ዚፑ እዚያው ተበጠሰ።

አስተባባሪው ብዙም ሳይቆዩ በዕድገት ተዛወሩ። እኔና ጋሼ ግን ያው አንድ ክፍል ውስጥ ነን፤ የሚቀሩን ቃላት ብዙ ናቸው። አንድ ጠዋት ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠግተው «አኩርፈሽኛል አይደል?» አሉኝ።

«አላኮረፍኩም ጋሼ። ማኩረፍ ለወደዱት ሰው ነው።»

ኮምፒውተሩን ከፍቼ የበግ ቁመት ከየት እስከ የት እንደሚለካ ጠየቅኳቸው። ከመሬት እስከ ትከሻ ነው አሉኝ፤ ጻፍኩት።