በመስመሩ ላይ የነበረችው ሴት

ታላቅ እህቴን የሥራ ባልደረቦቿ ማሬ ይሏታል። ቱግ ብሎ የደወለ ደንበኛ እንኳን ከእሷ ጋር ካወራ ለስለስ ብሎ ነው ስልኩን የሚዘጋው። እቤት ግን ምላሷ ምላጭ ነው። "ማሩን እዚያው ጨርሼው ነው የምመጣው" ትለናለች።

የምትሠራው የጥሪ ማዕከል ውስጥ ነው። ሕንጻው የዛሬ መቶ ዓመት ግድም ስልክ ቤት ነበር፤ ሴቶች በረድፍ ተቀምጠው ገመድ እየነቀሉ እየሰኩ ሰውን ከሰው ያገናኙበት ነበር። ዛሬም ሴቶች በረድፍ ይቀመጡበታል።

ባለፈው ክረምት አረገዘች። የሥራ ውሏ በየጊዜው የሚታደስ ነው፤ ሆዷ የገፋ ሴት ውል እንደማይታደስ ደግሞ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት አንዱን ጫፍ እኔ እየያዝኩላት ሆዷን በሻርፕ ጥፍር አድርጋ ታስርና ሰፊ ሹራብ ደርባ ትወጣ ነበር።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ አንዱን ደንበኛ ሸኝታ ሌላው ሳይገባ፣ ማዳመጫው ውስጥ የሴት ድምፅ ሰማች።

"እሜቴ፣ ጥቂት ብነሳ ይፈቅዱልኛል?"

"ምን ልርዳዎት?" አለች ማሬ።

 ስክሪኑን ብታይ የገባ ጥሪ የለም።

ከዚያ ወዲያ ሴትዮዋ አልቀረችም። ድምጿ የልጅ እግር ነው፣ አነጋገሯ የድሮ ሰው። ሁልጊዜ ያንኑ ፈቃድ ትለምናለች። ማሬ አጠገብ የምትቀመጠው ልጅ ማዳመጫውን ተቀብላ ብታዳምጥ ጭጭ።

ማሬ ስለ ድምፁ ነግራ ፎቁን የምታጸዳውን እትዬን ጠየቀቻት። የእትዬ አያት በስልክ ቤቱ ዘመን እዚያው ሠርታለች።

"ያኔ ያገባች ትባረር ነበር አሉ" አለች እትዬ። "ያረገዘችማ ደብቃ ነው የምትሠራው። አንቺ ልጅ፣ ምነው እንዲህ ገረጣሽ?"

ከሰዓት በኋላ ሴትዮዋ በማዳመጫው መጣች። በዚህ ጊዜ ፈቃድ አልለመነችም።

"አንቺም አስረሽዋል?" አለቻት።

ማሬ ሆዷን በእጇ ሸፈነች።

"እኔ አጥብቄ አሰርኩት" አለች ሴትዮዋ፣ ለጎረቤት እንደምታወራ ቀስ ብላ። "መላወሱን ተወ።"

ማሬ ማዳመጫውን አውልቃ ብድግ አለች።

"ጥሪ እየጠበቀ ነው እኮ! ማን ፈቀደልሽ?" ብሎ አለቃው ከወዲያ ጮኸ።

"ማንም።"

ሹራቧን አወለቀች። ቋጠሮው እምቢ ሲላት አጠገቧ ያለችው ልጅ ፈታችላት። ይሄኔ ከኋላ ረድፍ፣ ከማንም ጋር የማታወራ አንዲት ዝምተኛ ልጅ ተነስታ ከቀሚሷ ስር ረጅም ጨርቅ መፍታት ጀመረች። ስልኮቹ በየጠረጴዛው ይጮኻሉ፤ የሚያነሳቸው የለም።

ሁለቱም ተያይዘው ወደ ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሄዱ። ሕጉ የወሊድ ፈቃድ ይሰጣል። ማሬ ፈቃዷን አገኘች፤ የዝምተኛዋ ውል ግን አልታደሰም፣ እስከ ዛሬ ትከራከራለች። ማሬ ልጇን በሰላም ተገላግላ ወደዚያው ወንበር ተመለሰች። የሴትዮዋን ድምፅ ግን ዳግመኛ አልሰማችውም።

ሰሞኑን ልጇን እያጠባች ድንገት እንባዋ መጣ።

"ምን ሆንሽ?" አልኳት።

"ስንቱን ሰው ቀኑን ሙሉ 'ማን ልበል?' እላለሁ" አለችኝ። "እሷን እኮ ስሟን አልጠየቅኳትም።"