ቀይ ቀለበት ያለበት ቱቦ

ጥዑመልሳንን ክርስትና ያነሡት ቄስ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የትንቢት ጸጋ አልነበራቸውም። ስሙ ጣፋጭ አንደበት ማለት ነው፤ ሰውየው ግን ሐጅ ዩሱፍ በሚባለው የካርቱም ሰፈር በኖረበት ዘመን ሁሉ አንድ ነገር አሞግሶ አያውቅም። ከአፉ የሚወጣው ትልቁ ምስጋና «ያልፋል» የምትል ቃል ነበረች። ሚስቱ የኔነሽ ለፋሲካ ስትለፋበት የሰነበተችውን ዶሮ ወጥ ቀምሶ «ያልፋል» ይላል። ልጁ ቤቲ የተወለደች ቀን አዋላጇ አቅፋ ብታሳየው፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ዘርግቶ፣ ግራ ጆሮዋን ከቀኙ አስተያይቶ «ታልፋለች» አለ። አዋላጇ ሕፃኗ ልትሞት ነው ማለቱ መስሏት አማተበች። የኔነሽ ባሏን ስለምታውቀው ከአልጋዋ ላይ ሆና ሳቀች፤ ሳቋ ውስጥ ግን ትንሽ ቅሬታ ነበረባት።

አመሉ ሥራውን መርጦለት ይሁን ሥራው አመሉን ሰጥቶት፣ የሚያውቅ የለም። ካርቱም ባህሪ፣ የኢንዱስትሪው ሰፈር ውስጥ፣ የዘይት ግፊት የሚሸከም የጎማ ቱቦ የሚሠራ አንድ ፋብሪካ ነበረ። ደቡብ ሱዳን ተገንጥሎ ዶላር ሽቅብ በወጣበት ሰሞን፣ የውጭ ቱቦ ከገበያ ሲጠፋ፣ ረሺድ የሚባል ነጋዴ ከየትም ያረጁ ማሽኖች ለቃቅሞ የከፈተው ነው። ለስላሳው ጎማ በማሽኑ መሐል ቀስ እያለ ያልፋል፤ ሽቦ የተጠቀለለባቸው ማጠንጠኛዎች ግማሾቹ በቀኝ ግማሾቹ በግራ ይዞሩታል፤ አንዱ በሌላው ላይ፣ ሌላው በአንዱ ሥር እየተሹለከለኩ ጎማውን ሹሩባ ይሠሩታል። የኔነሽ ራሷ የሰፈሩን ሴቶች ጸጉር የምትጎነጉን ስለነበረች፣ ባሏ ምን እንደሚሠራ ለሚጠይቋት ማስረዳት አይቸግራትም። ማሽኑ እንደ እኔ ይጎነጉናል፣ እሱ ደግሞ እንደ ክፉ አማት እየዞረ እንከን ይፈልጋል፣ ትላለች።

እንከን መፈለግ ቀልድ አይደለም። ሽቦው በቱቦው ርዝመት አጋድሎ ከሄደ ቱቦው በግፊት ያብጣል፤ ዙሪያውን አብዝቶ ከታጠቀው ደግሞ ይለጠጣል። በሽቦና በሽቦ መካከል ክፍተት ካለ፣ ጎማው አንድ ቀን በዚያች ክፍተት ብቅ ይልና ይፈነዳል። ውኃ በሚመጠው ወፍራም ቱቦ ውስጥ ደግሞ አንድ ሽቦ እንደ ጥምጥም ይዞራል፤ ዙሩ ከዙሩ ከራቀ ቱቦው ሲመጥ ተጨፍልቆ ይቀራል። ጥዑመልሳን በማዕዘን መለኪያው የሽቦውን ዘንበልታ፣ በካሊፐሩ ውፍረቱን፣ በማጉያ መነጽሩ ክፍተቱን ሲያይ ይውላል። በወጣትነቱ በመተማ ተሻግሮ ገዳሪፍ ላይ ትራክተር ሲጠግን፣ የዘይት ቱቦ ፈንድቶ የጓደኛውን ዓይን ሲያጠፋ አይቷል። ከዚያ ወዲህ «ምን ችግር አለው» የሚል ሰው አይወድም።

እሱ የጣለው ቱቦ ላይ በየክንዱ ርቀት በቀይ ቀለም ቀለበት ይሥልበታል። በመጨረሻ ከላይ የሚለብሰው ጥቁር ጎማ ጉድለቱን ሁሉ ስለሚሸፍን፣ ያቺ ቀለበት ብቸኛ ምስክር ነበረች። ደንቡ፣ ቀይ የተቀባ ይቆራረጥና ይጣል ነው። ረሺድ ግን ደጉን ጎማ ሲቆርጡበት የራሱ ሥጋ የሚቆረጥ የሚመስለው ሰው ነበር። መጣል ሐራም ነው አለና፣ ለውኃ ብቻ ይሁን ብሎ ሐጅ ዩሱፍ ገበያ ውስጥ ሱቅ ላለው ለጂብሪል ይሸጥለት ጀመር።

ለዘይት የወደቀ ቱቦ ለውኃ ንጉሥ ነው። በአህያ ጋሪ ውኃ የሚያዞሩት ገዙት፤ አርካዊት ሰፈር ግቢ የሚያጠጡት ገዙት፤ ማዮ ሰፈር ጭቃ የሚያቦኩት ገዙት። አህያው ሞተ፣ ጋሪው ተሰባበረ፣ ቱቦው አልሞተም። ቀለበት የሌለው፣ ጥዑመልሳን ያሳለፈው ደህናው ቱቦ ደግሞ ከባድ መኪናና ቁፋሮ ላይ ሌት ተቀን እየተገፋ፣ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ አርጅቶ ይቀየራል። ሕዝቡ ያየውን መዘነ። ባለ ቀዩ የማይበጠስ፣ ባዶው የሚበጠስ ሆኖ አገኘው። «አቡ አሕመር» የሚል ስም ወጣለት፣ ባለ ቀዩ ማለት ነው፤ አቡ አሕመር ካልሆነ አልገዛም የሚለው በዛ፤ ቀስ በቀስም ከውኃው አልፎ መኪና ላይ ይገጠም ጀመር።

ጥዑመልሳን ይህን የሰማ ዕለት ጂብሪል ዘንድ ሄዶ፣ ቀዩ የውዳቂ ምልክት ነው፣ ለመኪና አትሽጥ አለው። ጂብሪል ሻይ አዘዘለት። እናንተ ሐበሾች የእጃችሁን ሥራ ማመስገን ነውር ነው አይደል የምትሉት፣ ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ረሺድ ዘንድ ሲሄድ ደግሞ፣ ማሌሽ፣ ይቅርታህን፣ እኔ የሸጥኩት ለውኃ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ያለው በገዢው ራስ ነው ተባለ። ተናዶ ቤቱ ገባ፤ የኔነሽ ያቀረበችለትንም ራት «ያልፋል» ሳይል በላ።

በዚህ መሐል ለቤቲ ሽማግሌ ተላከባት። ልጁ በላይነህ ይባላል፤ ገላብ የሚሉትን ገልባጭ መኪና እየነዳ አሸዋ የሚያመላልስ፣ ጨዋ፣ አንገቱን ደፋ የሚያደርግ ልጅ ነው። ጥዑመልሳን ሲያየው ሰነበተና ለሚስቱ «ያልፋል» አላት፤ የኔነሽም ይህን ሰምታ ቤቱን ቀለም አስቀባች።

በቀጠሮው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሽማግሌዎቹ በራሱ በገልባጩ መኪና መጡ። በልማዱ ሙሽራው ሽምግልና ስለማይገባ በላይነህ ውጪ ከኒሙ ዛፍ ሥር ቀረ። ነገር አዋቂው ሽማግሌ ጀምበሬ የሚባል፣ ሱቁ ውስጥ ከሚሸጠው ዕቃ ይልቅ ወሬው የሚበዛ ሰው ነው። ከወንበሩ ተነሥቶ የልጁን ዘር፣ ትጋትና ፈሪሃ እግዚአብሔር ቆጠረ። ማሳረጊያውን ሲያሳምርም፣ ይህ ልጅ ገና አማች ሳይሆን ለአማቱ ክብር ያለው መሆኑን ለማሳየት የመኪናውን ማንሻ ጃክ ቱቦ አውልቆ በአማቱ ቀይ ማኅተም የተቀለበተውን አስገጥሟል፣ አለ። ሽማግሌዎቹ በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ።

ጥዑመልሳን ከወንበሩ ብድግ አለ። በተከፈተው በር ቢመለከት የመኪናው ካሶኒ፣ የጭነት ሣጥኑ፣ ወደ ሰማይ ተነሥቶ ቆሟል፤ ከሥሩ ደግሞ ሁለት እግሮች ይታያሉ። ልጁ ሥራ መፍታት ስለማይወድ፣ ሽማግሌዎቹ እስኪጨርሱ ግራሶ ልስጠው ብሎ ገብቶበታል። ያንን የብረት ተራራ ደግፎ የያዘው ዘይት ነው፤ ዘይቱን የያዘው ደግሞ እሱ ራሱ የጣለው ቱቦ ነው።

ሽማግሌዎቹን እንደተቀመጡ ጥሎ ወጣ። በላይነህን በእግሩ ጎትቶ አወጣውና ካሶኒውን አውርድ አለው። ሽማግሌዎቹ ነገር ተበላሸ ብለው ከኋላው ተንጋግተው መጡ። ጥዑመልሳን ቱቦውን እያሳየ አስረዳ፤ ቀዩ ውዳቂ ማለት ነው፣ ሽቦው ላልቷል፣ መሐሉ ክፍተት አለበት፣ እኔ ነኝ የጣልኩት፣ ማርያምን እኔው ነኝ አለ። ሰዎቹ ፊታቸው በራ። ጀምበሬ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ፣ ትሕትና ማለት ይህች ናት፣ በራሱ ሥራ ላይ እንኳ እንከን ያወጣል አላቸው። በላይነህ በግራሶ የተነከረ እጁን ወደ ኋላው ደብቆ፣ መሬት መሬት እያየ ተናገረ።

«አባባ፣ እርስዎ የቤቲን ጥርስ እንኳ አንዱ ዘንበል ብሏል እያሉ ነው ያሳደጓት አሉ። የእርስዎ ውዳቂ ለእኛ ይበቃናል። ኢንሻላህ ዕድሜ ልኬን አላወልቀውም።»

ሰውየው እውነት ጠፍታበት አይደለም፤ እውነቱን ሲናገር ስለኖረ ነው ያላመኑት። ወጡን፣ ሹሩባውን፣ የቄሱን ስብከት ሁሉ ሲነቅፍ የኖረ ሰው፣ ዛሬ ቱቦ ቢነቅፍ ማን ይደነግጣል። ነገ ጠዋት ይህ ልጅ አሸዋውን ገልብጦ እንደገና ከሥር ይገባል፤ የቤቲ ሠርግም ወይ ይሆናል ወይ አይሆንም። ጥዑመልሳን ይህ ገባው። ከዚያ እንደ መራራ መድኃኒት የሚተናነቀውን ቃል ፈልጎ አወጣው።

«ይህ ቱቦ ግሩም ነው» አለ። «ካርቱም ላይ ሁለተኛ አይገኝለትም። ለጥሎሽ ቀሚስም ወርቅም አልፈልግም፤ ይህን ነው የምፈልገው። አሁኑኑ ፈትቶ ይስጠኝና ልጄን ይውሰድ፤ ኸላስ፣ አለቀ።»

አማት የወደደውን አልሰጥም የሚል ሙሽራ ገና አልተወለደም። በላይነህ በደስታ ሊያለቅስ ትንሽ ቀረው፤ መፍቻውን አንሥቶ እዚያው ፈታውና ጠራርጎ በሁለት እጁ አቀረበ። ሽማግሌዎቹ ዘይቱ የፈሰሰውን መኪና ትተው በባለ ሦስት እግር ረክሻ ተሳፍረው ሄዱ። በማግሥቱ ጥዑመልሳን የገዛ እጁ የለካውን፣ ቀለበት የሌለውን ቱቦ ከፋብሪካ አምጥቶ ለልጁ ሰጠው፤ በላይነህም ያረጀ ጫማ እንደተሰጠው ሰው ቅር እያለው አመሰግናለሁ ብሎ ገጠመው። የኔነሽ ግን በሩ ላይ ቆማ ሁሉን ሰምታ ነበር። በትዳር ዘመኗ ሙሉ አንድ ቀን ያልደረሳት ቃል ለጎማ ሲሰጥ ሰማች፤ ቅር ብሏት ወደ ጓዳ ገባች።

ጀምበሬ ወሬውን ገበያ ለማድረስ ቀን አልፈጀበትም። መርማሪው ራሱ ልጁን በአቡ አሕመር ቱቦ ዳረ ተባለ። ከዚህ በላይ ማስታወቂያ ከየት ይመጣል። ረሺድ ጥዑመልሳንን ቢሮው ጠርቶ ዓሣ ጋበዘውና፣ ከእንግዲህ ከዚህ ፋብሪካ ቀይ ቀለበት የሌለው ቱቦ እንዳይወጣ አለው። ጥዑመልሳን ጥቂት አሰበና «ታማም፣ ይሁን» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀዩን የሚቀባው ያለፈውን ብቻ ሆነ፤ የወደቀውን ባዶውን ይተወዋል። ባዶውን ደግሞ በነጻ ቢሰጡትም የሚያነሣው ጠፋ፤ ግቢው ሲሞላ ረሺድ ራሱ፣ ልቡ እየደማ፣ ይቆራረጥ አለ። ለዓመታት በእውነት ያልተገኘው ነገር በአንድ ውሸት ተስተካከለ፤ ጥዑመልሳንም በዚህ ከመደሰት ይልቅ አፈረ።

ሠርጉ ደመቀ። ጥሎሹን ማየት የማይፈልግ እንግዳ ስላልነበረ፣ ያ ውዳቂ ቱቦ ሪባን ታስሮለት ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ጥዑመልሳን ሊቆራርጠው በተነሣ ቁጥር ጥሎሽ አይቆረጥም ይሉታል፤ እስከ ዛሬም በልቶ ሲጨርስ የሚያየው እሱኑ ነው።

ነገር ግን ቀድሞ የተሸጠው ቀይ ከአዲሱ ቀይ ጋር ተደባልቆ በከተማው ይዞራል። ጥዑመልሳን መንገድ ላይ የቆመ ገልባጭ መኪና ባየ ቁጥር ይጠጋል። ቱቦው ከብረቱ ጋር በሚያያዝበት ቦታ የላይኛው ጎማ ስለሚላጥ ሽቦው ይታያል፤ ለእሱ ያቺ ትበቃዋለች። ሾፌሮቹ፣ ሽማግሌው የእጁን ሥራ ሊያደንቅ መጣ፣ ጉረኛ ነው እያሉ ይስቁበታል። ይሳቁ፤ ጉረኛን መኪና ሥር እንዳይገባ የሚከለክለው የለም። ሽቦው ደህና ከሆነ ዝም ብሎ ይሄዳል። ካልሆነ ቱቦውን ያሞግስና፣ የምድራት ልጅ አለችኝ፣ ለጥሎሽ ስጠኝ፣ እኔ ሌላ አመጣልሃለሁ ይላል። ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይከለክልም፤ ደስ ብሎት ይፈታለታል።

የሐጅ ዩሱፍ ነዋሪ የሰውየውን ሴቶች ልጆች መቁጠር ጀመረ። ወሬው ዞሮ ዞሮ ሹሩባ በምትሠራበት በርጩማ ላይ የኔነሽን አገኛት፤ ባልሽ የት የወለዳቸውን ነው የሚድረው አሏት። የያዘችውን ጸጉር አጋማሽ ላይ ትታ ቤት ገባችና ጠየቀችው። ነገሩን ከሥሩ ነገራት። ሰምታው ስታበቃ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«እኔን ሞኝ» አለችው። «አንተ ግሩም ካልክ ውዳቂ መሆኑን እንዴት አጣሁት? እኔን እንዲህ እንዳትለኝ።»

ጥዑመልሳን ፊቷን ቱቦ በሚያይበት ዓይን ትክ ብሎ ተመለከተ፤ ጊዜም ወሰደበት።

«አንቺ ታልፊያለሽ» አላት።

የኔነሽ እንባዋን ጠረገችና የጀመረችውን ሹሩባ ልትጨርስ ተመልሳ ወጣች።