እግሬና የኮምፒውተሩ ክፍል

ጅጅጋ ሒሳብ ሳስተምር ስለ ኮምፒውተር ያደረግኩት ንግግር እስካሁን ይወራልኛል። የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በኮምፒውተር ሊሰጥ ነው ተባለና፣ እያንዳንዱ መምህር ተማሪዎቹን ኮምፒውተር ክፍል እየወሰደ እንዲያለማምድ ርዕሰ መምህሩ ስብሰባ ጠሩ። እጄን አወጣሁ። "ኮምፒውተር የለመደ ጭንቅላት መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል! ሒሳብ የሚገባው በጠመኔ ነው!" አልኩ። አንጋፋዎቹ መምህራን አጨበጨቡልኝ። የዓላማ ሰው ተባልኩ።

ዓላማ የሚባል ነገር አልነበረኝም። እግሬ ይሸታል። የጅጅጋ ነፋስ የሚያመጣው አቧራ ማሽኖቹን እንዳያበላሽ፣ ኮምፒውተር ክፍል የሚገባው ጫማ ተወልቆ ነው። እኔ ደግሞ ከደብረ ብርሃን ይዤው የመጣሁትን ሽፍን ጫማ ከጠዋት እስከ ማታ አላወልቅም። መስኮቱ የማይከፈት ክፍል ውስጥ ከስድሳ ተማሪ ጋር በካልሲ መግባቱን ሳስበው ያልበኛል። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ሁለት ወር በጠመኔዬ ጸናሁ።

ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው የማስተምረው ክፍል አለቃ፣ ቀጭን ዝምተኛ ልጅ ናት፣ መምህራን ክፍል በር ላይ ጠበቀችኝ።

"ቲቸር፣ ሌሎቹ ክፍሎች ሁሉ ተለማምደዋል። እኛ ምን አጥፍተን ነው?"

ለካ ቅጣት መስሏቸዋል። ያኔ ከልቤ አፈርኩ።

በማግስቱ ከክፍለ ጊዜዬ በፊት ወደ ቧንቧው ሄድኩ። የግቢው ጥበቃ፣ ሶማሌ ሽማግሌ ናቸው፣ ለቀትር ሶላት እግራቸውን ይታጠባሉ። ካልሲዬን አውልቄ አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ።

"መዓሊን" አሉኝ፤ በእነሱ ቋንቋ መምህር ማለት ነው። "ሰለምክ እንዴ?"

"ኧረ ለኮምፒውተር ነው።"

እየሳቁ ሳሙና አቀበሉኝ። ታጥቤ ስነሳ "ድገም" አሉኝ።

ተማሪዎቼን ይዤ ኮምፒውተር ክፍል በባዶ እግሬ ገባሁ። እግሬን ያየ አንድም ተማሪ አልነበረም፤ ሁሉም ስክሪኑ ላይ አፍጥጠዋል። የክፍሉ አለቃ ማውሱን ከጠረጴዛው አንስታ፣ እንደ ሪሞት ወደ ስክሪኑ አነጣጥራ ትጫናለች። ከክፍሉ አንደኛ የምትወጣው እሷ ናት። ሌላ ማውስ ይዤ ጠረጴዛው ላይ እየጎተትኩ አሳየኋት።

ደወሉ ሲደወል ከመቀመጫው የተነሳ የለም።

"ነገም ይፈቅዱልናል?" አለችኝ።

"ነገም፣ ከነገ ወዲያም፣ በምሳ ሰዓትም። እናንተ ምንም አላጠፋችሁም፤ ጥፋቱ የኔ ነው።"

"ምን አጥፍተው?"

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ስድሳዎቹም ወደ እኔ ዞሩ። አልቻልኩም፤ "በሉ ጫማችሁን አድርጉ" ብዬ አስወጣኋቸው። ምክንያቱን ስናገር ይኸው የመጀመሪያዬ ነው።